ማሽኑ ያነሳው ስልክ

ወንድሜ ኤልሴዮ ኩላሊት የሚጠብቅ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በእርሻው ቤት ብቻውን ይኖራል፤ አንድ ቀን እያለፈ ሚኒባስ ይመጣና ከሌሎች ሕሙማን ጋር ፓራና ከተማ ወስዶ፣ ደሙን አሳጥቦ፣ እንደ ታጠበ ጨርቅ አለስልሶ ይመልሰዋል። የእኔን ኩላሊት ልሰጠው ጠይቄ ነበር። ደማችን አልገጠመም። የአንድ እናት ጡት ጠብተን አድገን ደማችን አለመግጠሙ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ስለዚህ ከማናውቀው ሰው ሞት የሚመጣ ኩላሊት መጠበቅ ግድ ሆነ። ሆስፒታሉም ደንቡን ነግሮታል፤ ሲገኝ በስልክ ይጠራሉ፤ ስልኩ ካልተነሳ ተራው ለሚቀጥለው ያልፋል።

እኔ የሳንታ ኤዱቪሂስ የስልክ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሠራተኛ ነኝ። በልጅነቴ ማዞሪያው ላይ ነበርኩ። የከተማውን ሰው ሁሉ በገመድ ያገናኘሁት እኔ ነኝ፤ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ፣ የማን ልጅ ለማን እንደሚደውል ከቄሱ በፊት የማውቀው እኔ ነበርኩ። በኋላ አውቶማቲክ መጣና ማዞሪያውን ወደ መጋዘን፣ እኔን ወደ ደንበኞች መስኮት አዛወሩን። ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም።

ኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ስብሰባ ሆነ። ከፓራና የመጣው ወጣት ኢንጂነር ፋብሪሲዮ ምን ዓይነት ማሽን መግዛት እንዳለብን ለአባላቱ አስረዳ። ማሽኑ፣ አለ፣ ብዙ ሰው በአንድ ቁጥር ሲደውልለት ባዶ የሆነውን መስመር ፈልጎ ማንሳት አለበት። ከዚያ ስምህ ማነው፣ የይለፍ ቃልህስ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ካላወቀው ይዘጋበታል። እንዳያማ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ነዋ፣ አልኩት። ለገባው ሰው ደግሞ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ሲወጣ ያንኑ አድራሻ ነጥቆ ለሌላው ያድላል። መስመር ይዞ ዝም ያለውንም ያስወጣዋል፤ ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ተረት እሱ ዘንድ አይሠራም። እጄን አወጣሁና፣ ይሄን ሁሉ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሠራው ኖሬ እንደ ማሽኑ ለእኔ ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ያሠራልኝ የለም አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ፋብሪሲዮም ሳቀ፤ ጥሩ ልጅ ነው።

የገበሬዎቹን ልብ የወሰደው ግን የመጨረሻው ነገር ነበር። ከእርሻ ወደ ከተማ መደወል ውድ ነው። ማሽኑ የእርሻውን ሰው ማንነት ካወቀ በኋላ ይዘጋበትና ራሱ መልሶ ይደውልለታል፤ የጥሪውን ዋጋ ማኅበሩ ይችላል። ይህን ሲሰሙ አጨበጨቡ። ፋብሪሲዮ በየእርሻው እየዞረ ኮምፒውተሩን ከስልኩ የሚያገናኙትን ሞደሞች ሁሉ ስልክ እንደ ጠራ እንዲያነሱ አድርጎ አስተካከላቸው። ከዚያ በኋላ በገጠሩ አዲስ ደንብ ወጣ፤ ሞደሙ መብራቱን አብርቶ ሳለ ስልክ ከጠራ እጁን የሚዘረጋ የለም። «ተወው፣ የማሽን ነው» ይባላል። ልጆች ምድጃ አትንኩ እንደሚባሉት ይህንንም ይነገራሉ።

ኤልሴዮ ኮምፒውተር የገዛው ለልጁ ለያኒና ብሎ ነው። ሮሳሪዮ ትማራለች፤ ማታ ማታ ይጻጻፋሉ። በአንድ ጣቱ እየለቀመ ስለ ላሞቹ ይጽፍላታል፣ እሷ ስለ ፈተናዋ። ስትጨርስ ሞደሙን ንቀል፣ ሆስፒታሉ ሊደውል ይችላል ብዬ ነዘነዝኩት። «አንቺ ሳትነግሪኝ ነቅያለሁ» አለኝ። ነቅሎም ነበር፤ እሁድ እሁድ ስሄድ ገመዱ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አየዋለሁ። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ የተነቀለ ሚስማር እንኳ አይጥልም።

ያን ቀን ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። የእኛ አገር ጥቁር አፈር ሲርስ ጫማ ይበላል፤ የእርሻው መንገድ ለትራክተር ካልሆነ ለማንም አይሆንም። ሰው የለም ብዬ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ ስልኩ ጠራ።

አንዲት ሴት ናት፤ ከፓራና፣ ከሆስፒታሉ። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው። የኤልሴዮ ጋስማን ቁጥር ፋክስ ሆኗል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደጋግማ ደውላለች፤ አንድ የሚጮህ ነገር ያነሳና ይዘጋባታል። ቁጥሩ የማኅበራችሁ ስለሆነ ወደ እናንተ ደወልኩ አለች።

«ኩላሊት ተገኘ?» አልኳት።

«ተገኝቷል። ለእሱ የሚሆን ነው። እስከ ቀትር እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሚቀጥለው ሰው መደወል አለብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በእጄ አይደለም።»

እህቱ መሆኔን ነገርኳትና የራሷን ቁጥር ተቀብዬ ዘጋሁ። ወደ ኤልሴዮ ደወልኩ፤ ተይዟል። ደገምኩ፤ ተይዟል። ወደ ማሽኑ ክፍል ሮጥኩ። ፋብሪሲዮ ቡና ብጤ ይዞ ማሽኑ ፊት ተቀምጧል። መብራቶቹ ከላይ እስከ ታች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ዝናብ የያዘው ገበሬ ሁሉ ከማሽኑ ጋር ተጣብቋል።

«ወንድሜ ገብቷል?» አልኩት።

ተመለከተ። «የለም፣ እትዬ ዴልሚራ። ጋስማን ዛሬ አልገባም። የተያዘው የእሱ ስልክ አይደለም፤ ወደ እርሻዎቹ የሚወስደው መስመር ነው የሞላው። ማሽኑ ለሰዉ መልሶ እየደወለ ጨርሶታል።»

«ለሆስፒታሉ የጮኸውስ?»

«ሞደሙ ነዋ። ሳይነቅለው ቀርቶ ይሆናል። ስልክ ሲጠራ አንሳ ተብሏል፣ ያነሳል። ማነህ ብሎ የሚጠይቀው የእኛው ማሽን ነው እንጂ የእሱ ሞደም አይጠይቅም።»

ማሽኑን አጥፋው አልኩት። አመነታ። ማዘጋጃ ቤቱ፣ የእህል ነጋዴዎቹ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሁሉም ውስጥ ናቸው አለኝ። እሱ እየቆጠረ ሳለ እኔ ሶኬቱን ነቀልኩት። መብራቶቹ ጠፉ፤ ክፍሉም ጸጥ አለ። ከተማውን በሙሉ በአንድ እጅ አስወጣሁት ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን ከተማው ትዝ አላለኝም።

ደወልኩ። አንዴ ጠራ፤ ተነሳም። ከዚያ ያ ጩኸት መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ፉጨት፣ ቀጥሎ እንደሚታረድ አሳማ። ማሽን መሆኑን አውቃለሁ፤ የሚሰማኝ እንደሌለም አውቃለሁ። ቢሆንም ጮህኩበት። «ኤልሴዮ! አንተ ኤልሴዮ! ሆስፒታል ነው! ተነስ!» እያልኩ ጮህኩ። ጩኸቱ ቆይቶ ቆይቶ ራሱ ዘጋብኝ። እንደገና ደወልኩ፤ እንደገና ጮህኩ። ፋብሪሲዮ ምናልባት ከብቶቹ ዘንድ ወጥቶ ይሆናል አለ። በዚህ ዝናብ ማንን ሊያይ ነው የሚወጣው አልኩት።

ሊቀመንበሩ ዶን ኢሲድሮ ከሱቃቸው ውሃ እያንጠባጠቡ መጡ። ማን ነው ያቋረጠኝ ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ፋብሪሲዮ ወደ ጥግ ወስዶ ነገራቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ አንድም ነገር ሳይጨምሩ፣ ኤልሴዮ በትራክተሩ እስከ አስፋልቱ መድረስ ከቻለ እኔ እዚያ በመኪናዬ እጠብቀዋለሁ ብለው ወጡ። ስስታም ናቸው እያልኩ ሳማቸው የኖርኩት ሰውዬ ናቸው። እግዜር ይስጣቸው።

እንደገና ደወልኩና ጩኸቱን በጩኸት ስመልስ፣ በመሐል ቀጥ አለ። ገመድ ሲነቀል የሚሰማው ዓይነት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ትንፋሽ።

«እታለም፣ አትጩሂ» አለኝ ኤልሴዮ።

ሳልተነፍስ ነገርኩት። ኩላሊት ተገኝቷል፣ ሴትየዋ እስከ ቀትር ትጠብቃለች፣ ትራክተሩን አስነሳ፣ ዶን ኢሲድሮ አስፋልቱ ላይ ይጠብቁሃል። መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ስጠራው፣

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ሞደሙ እኮ ድምፅ ማውጫ አለው፤ እሱ ሲያነሳ የደወለው ሰው የሚለው እዚህ ይሰማል። አንቺ ስትጮሂ ድመቷ ከቤት ወጣች። ሴትየዋም 'ሴኞር ጋስማን፣ ቤት አሉ?' ስትል ሰምቻለሁ። ደግ ድምፅ አላት።»

«የት ሆነህ ነው የሰማኸው?»

«እዚሁ። አጠገቡ። ማቴዬን እየጠጣሁ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። ኩላሊቴን ልሰጠው የለመንኩት ሰው፣ እሁድ እሁድ ልብሱን የማጥብለት ሰው፣ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ቁጭ ብሎ ይጠጣል። ሆን ብለህ ነው የሰካኸው ወይ አልኩት። አዎ አለኝ፤ ከአንሴልሞ ወዲህ ሲጽፍ ካመሸ በኋላ አይነቅለውም። እኔ ስመጣ ብቻ ጠቅልሎ መሳቢያ ይከተዋል።

አንሴልሞ በሚኒባሱ ውስጥ ከጎኑ የሚቀመጠው ሰው ነበር። በበልግ ኩላሊት ተገኘለት። በዚያ ቀን ሚኒባሱ ሙሉ ሲዘፍን ሄደ አሉ። ሰውነቱ አልቀበለውም፤ ተሰቃይቶ ሞተ። ኤልሴዮ ከቀብሩ ሲመለስ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔም ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት። ፍርሃት መሆኑን ማን ነገረኝ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እሱ እንዳይደርስበት በሩን ለማሽን አስጠብቆ ተቀመጠ።

«እንቢ ማለት አልቻልኩም፣ እታለም» አለኝ። «እሺ ማለትም አልቻልኩም። ማሽኑ ያንሳው፣ እነሱም ይለፉኝ አልኩ። አሁን አንቺ አለሽ። አመሰግናለሁ በያት።»

ይህን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። በእኛ ዘንድ ማቴ፣ ያ መራራ የቅጠል ሻይ፣ ሲጠጣ አንድ ቅል ነው በክብ የሚዞረው። እየጠጣህ ዝም ብለህ ትመልሳለህ፤ ተራህ ሲደርስ ተሞልቶ ይመጣልሃል። ቅሉን ስትመልስ አመሰግናለሁ ካልክ ግን በቃኝ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ይዘሉሃል፣ ለሚቀጥለው ያቀብላሉ። ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል። የሆስፒታሏ ሴትዮም የዚሁ አገር ሰው ናት፤ አመሰግናለሁ ካልኳት ሌላ ምንም አትጠይቀኝም።

«ይሄ ማቴ አይደለም» አልኩት። «አንዴ ካለፈህ ዞሮ አይመጣም።»

«ለሚቀጥለው ይድረሰዋ። ወጣት ይሆናል።»

«ለጽድቅ ነው እንዳትለኝ። ፈርተህ ነው።»

«ፈርቼ ነው» አለ። «አንሴልሞ በመጨረሻ ልጁን ማወቅ አቅቶት ነበር። እኔ አሁን ቢያንስ ማታ ማታ ከያኒና ጋር እጻጻፋለሁ። ደሜ ቢታጠብም እኖራለሁ። ክፉ ነው እንጂ ይኖራል።»

«ይኖራል? ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ወድቀህ ማን ነው ያነሳህ? ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እናታችን ሞታለች፣ ለማን ብለህ ነው የምትፈራው?»

አልሳቀም። እኔም ለማሳቅ አልነበረም። ዝናቡ በሱም በኩል በእኔም በኩል ቆርቆሮውን ይደበድባል። ፋብሪሲዮ አንገቱን ደፍቶ የነቀልኩትን ገመድ ያፍተለትላል። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ነው፤ እንዳላየው ፊቴን አዞርኩ።

ያኒና እንዳትሰማ ብሎ ለመነኝ። እነግራታለሁ አልኩት። አባትሽ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ማቴውን እየጠጣ ተቀመጠ ብዬ፣ አንድም ሳላስቀር። ክፉ ነሽ አለኝ። ነኝ አልኩት። ከዚያ ድምፄ ራሱ ሳላዘው ተለወጠ።

«ስማኝ ኤልሴዮ። እኔም እፈራለሁ። እዚህ መስኮት ላይ ስልክ በጠራ ቁጥር ያንተ ሞት የሚነገረኝ ይመስለኛል። ተሸክሜ አልወስድህም፤ አካሉ ያንተ ነው። ግን እንቢታህን ማሽን አይናገርልህም፣ እኔም አልናገርልህም። ሴትየዋ አሁን ትደውላለች። ሞደሙ ተነቅሏል። አንተ ታነሳለህ፤ እንቢም ካልክ በገዛ አፍህ ትላታለህ።»

ሊመልስ ሲል ዘጋሁበት። ወደ ፓራና ደወልኩ። ይደውሉለት፣ አሁን ሰው ያነሳል አልኳት። እርግጠኛ ነዎት ስትለኝ፣ አይደለሁም፣ ግን ይደውሉ አልኳት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ትንሽ ቆይቼ ወደ ኤልሴዮ ደወልኩ፤ ተይዟል። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ስልኩ ከተያዘ እየተነጋገሩ ነው ማለት ነው። ያ አስቀያሚ ቱት ቱት የሚል ድምፅ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። ፋብሪሲዮ ምን አሉ ይለኛል፤ ተይዟል እለዋለሁ፤ ተመስገን ይላል። ደግሜ ደወልኩ፤ አሁንም ተይዟል። እንቢ ለማለት ይህን ያህል አይፈጅም ብዬ አሰብኩ። ደግሞ፣ እንቢ ያለን ሰው ለማግባባት ይህን ያህል ይፈጃል ብዬ አሰብኩ። ውጭ በር ላይ ሁለት ሦስት ሰዎች ስለተቋረጠው ኢንተርኔት ያጉረመርማሉ፤ ፋብሪሲዮ ወጥቶ አንድ ነገር አላቸውና ዝም አሉ።

እንደገና ደወልኩ። ጠራ።

ተነጋግረው ጨርሰዋል ማለት ነው። አሁን ነገሩ ግልጽ ነው። ማንም ካላነሳ ወጥቷል፣ ትራክተሩ ላይ ነው። ካነሳው ግን ቤቱ ተቀምጧል፤ አመሰግናለሁ ብሏታል። ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ ላይ ስኖር ሰው እንዲያነሳልኝ ስመኝ ነው የኖርኩት፤ እናት ለልጇ፣ ባል ለሚስቱ እንዲያነሳ በሆዴ ስማጸን። ያን ቀን ግን ማንም እንዳያነሳው ለመንኩ። አታንሳው፣ ወንድሜ፣ አታንሳው አልኩ። ጠራ። ጠራ። ባዶ ቤት ውስጥ ሲጮህ፣ ድመቷ ብቻ ስታየው ይታየኛል። ፋብሪሲዮ ፊቱ እየበራ መጣ። እኔም እጀታውን ከጆሮዬ ላወርድ ነበር።

ተነሳ።

በዚያ በኩል የሚያለከልክ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ሄለው! ሄለው! ማነው? ከሆስፒታል ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«አንቺ? ወይ አምላኬ! አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል?» አለ እየተቆጣ። «ትራክተሩ ላይ ወጥቼ፣ አስነስቼ፣ ከግቢው ልወጣ ነበር እኮ! በዚህ ጭቃ ወርጄ፣ ተንሸራትቼ ወድቄ፣ ጉልበቴ ተልጦ ነው የገባሁት።»

«ታዲያ ለምን ተመለስክ? ለምን ዝም ብለህ አልሄድክም?»

ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ለሌላ ሰጠነው ሊሉኝ መሰለኝ» አለ። «ደነገጥኩ፣ እታለም።»

የትራክተሩ ሞተር ከውጭ ሲያጉረመርም ይሰማኛል።

«ሂድ» አልኩት፤ ስልኩንም ቀድሜው ዘጋሁ።